ለልጆቻችን የቱ ዳንስ? የባሌትና የዘመናዊ ዳንስ ሥልጠና ታሪክ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ከቁጠባው ሪፖርት ይልቅ ብዙ ሰዓት የወሰደብን አንድ አጀንዳ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። አንዲት ደጋፊያችን ለአባላት ሴት ልጆች የቅዳሜ የዳንስ ትምህርት ወጪ ለአንድ ዓመት እንደምትሸፍን ገልጻ፣ ባሌት ይሁን ወይስ ዘመናዊ ዳንስ የሚለውን ግን እናንተ ምረጡ ብላ ጽፋልን ነበር። ግማሾቻችን "ባሌት ልጅን ሥርዓት ያስይዛል" አልን። ግማሾቻችን "ዘመናዊው ይቀላል፣ ነፃ ያደርጋል" አልን። አንዲት ታላቅ እህታችን ደግሞ ከኋላ ሆነው "እስክስታ ምን ጎደለው?" ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ መልስ ግን አልሰጠናቸውም። ብዙ የተናገርኩት እኔ ስለነበርኩ ኮሚቴው "እንግዲያው አንቺ አንብበሽ ጽፈሽ አምጪ" ብሎ ሥራውን በእኔ ላይ ጣለው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ዳንሰኛ አይደለሁም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ ባሌት ወደሚያስተምር አንድ ቦታ ወስጃት ነበር። ጫማዋን አስወልቀው እግሯን አዩና "ጠፍጣፋ ነው፣ አይሆናትም" ብለው መለሱን። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ከጅምሩ ገለልተኛ አልነበርኩም። ታሪኩን ሳነብ ግን ባሌትን ለመውቀስ የፈለግሁትን ያህል ምክንያት አላገኘሁም፤ ዘመናዊውንም ለማሞገስ እንደዚያው።

ሌላም ማብራሪያ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ "ዘመናዊ ዳንስ" ሲባል ብዙ ሰው በሙዚቃ ክሊፕ የሚታየው ይመስለዋል። እዚህ የምናገረው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ፣ በአሜሪካና በጀርመን ስለተጀመረው የመድረክ ዳንስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ባሌት፦ ከንጉሥ አዳራሽ እስከ ልብስ አጣቢዋ ልጅ

ባሌት የቤተ መንግሥት ልጅ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ይደንስ ነበር፤ በ1653 በአንድ የሌሊት ትርዒት ፀሐይን ሆኖ ቀርቧል። በ1661 የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚን አቋቋመ። የንጉሡ የዳንስ መምህር ፒየር ቦሻም ዛሬም ማንኛዋም የባሌት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የምትማራቸውን አምስቱን የእግር አቋቋሞች ደንግጓል። የእንቅስቃሴዎቹ ስም እስከ ዛሬ በመላው ዓለም በፈረንሳይኛ የሚጠራውም በዚህ የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን በሕዝብ መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በፓሪስ ኦፔራ ሴቶች ዳንሰኞች በሙያቸው መድረክ ላይ የወጡት በ1681 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኔ በተለይ የልብስ ታሪክ ሆኖ ነው የታየኝ። ማሪ ካማርጎ የእግሯ ሥራ እንዲታይ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚት በላይ አሳጠረች፤ ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ወሬ ነበር። በ1734 ደግሞ ማሪ ሳሌ ለንደን ውስጥ ቀሚስ የሚነፋውን ደጋፊ አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ በስስ ቀሚስ ደነሰች። ሴት በዳንስ ውስጥ ለመተንፈስ ያደረገችው ትግል ዘመናዊውን ዳንስ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ይቀድማል ማለት ነው።

በ1832 ማሪ ታሊዮኒ በፓሪስ "ላ ሲልፊድ" በተባለው ሥራ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ቆማ ስትደንስ ሕዝቡ ምድርን የማትነካ መንፈስ ያየ ያህል ተደነቀ። ያንን ቅለት ያገኘችው ግን በከባድ ሥራ ነው። መምህሯ የነበረው አባቷ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ያሠለጥናት ነበር። የባሌት ሥልጠና ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው፤ ድካሙ እንዳይታይ መድከም።

አሁን ለደጋፊዎቻችንም ለእኛም ወደሚበጀው ክፍል ልምጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ኦፔራ ትምህርት ቤት የሚማሩት ሕፃናት ብዙዎቹ የድሃ ልጆች ነበሩ። ሕዝቡ "ትንንሽ አይጦች" እያለ ይጠራቸው ነበር። ከአዳራሹ በስተጀርባ ዳንሰኞቹ የሚሟሟቁበት ያጌጠ ክፍል ነበረ። ለዓመት የመግቢያ ክፍያ የሚከፍሉ ባለጸጋ ወንዶች ወደዚያ ክፍል የመግባት ፈቃድ ነበራቸው። ምን ፈልገው እንደሚገቡ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ብዙ እናቶችም ከችግር የተነሣ ዝም ይሉ ነበር። ከነዚያ ልጆች አንዷ ማሪ ቫን ጎተም ነበረች። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ የ14 ዓመቷን ዳንሰኛ ሐውልት የሠራው እሷን አይቶ ነው። በ1881 ለእይታ ሲቀርብ ተቺዎች መልኳን ሰደቡት። በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ከኦፔራው ተሰናበተች። ሐውልቱ ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ቆሟል፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ከታሪክ ገጽ ጠፋች።

ኤማ ሊቭሪን ደግሞ ልብስ ሰፊ ሁላ ማወቅ አለባት። በዚያ ዘመን መድረኩ የሚበራው በጋዝ መብራት፣ የዳንሰኞቹ ቀሚስም ከስስ ጨርቅ የተሠራ ነበር። ጨርቁን እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ መድኃኒት ቢኖርም ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ነጭነቱንም ያጠፋዋል ተብሎ ሊቭሪ አልፈለገችውም። በኅዳር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ በእሳት ተያያዘ። ከስምንት ወር ሥቃይ በኋላ በ1863 ሞተች።

ይህን ብቻ ብጽፍ ግን በባሌት ላይ እፈርዳለሁ። በሩሲያ ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በሴንት ፒተርስበርግ ትምህርት ቤቱ በ1738 ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የቤተ መንግሥት አገልጋዮች ልጆች ነበሩ። በሞስኮ የዳንስ ትምህርት በ1773 የተጀመረው በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤት የተመረጠች ልጅ ምግቧና መኝታዋ በመንግሥት ወጪ ነበር፤ በመድረክ ላይ ዓመታቷን ስትጨርስም ጡረታ ነበራት። በዚህ መንገድ የወጣችው አና ፓቭሎቫ ናት። የእሷም እናት ልብስ አጣቢ ነበረች። በመጀመሪያው ፈተና በሰውነቷ ማነስ ተመለሰች፤ በ1891፣ በ10 ዓመቷ ተቀበሏት። ቁርጭምጭሚቷ ቀጭን፣ የእግሯም ቅስት ከልክ ያለፈ ስለነበር ጓደኞቿ ይቀልዱባት ነበር። በ1931 እስክትሞት ድረስ ዓለምን ዞራ ባሌት ታይቶባቸው በማያውቁ ከተሞች ሁሉ ደነሰች።

ሁለት የልብስ አጣቢ ልጆች፣ አንድ ዓይነት ሥልጠና፤ አንዷ ጠፋች፣ አንዷ ነገሠች። ለዚህ ልዩነት ተሰጥኦ ድርሻ አለው። ነገር ግን አንዷን ያሳደጋት ቤት ምግብ፣ መኝታና ጡረታ ሲሰጥ፣ የሌላዋ ቤት ደግሞ ገንዘብ ላለው ሁሉ የኋላ በሩን ይከፍት ነበር። ይህንን ካነበብኩ በኋላ "የትኛው ዳንስ ይሻላል?" ከሚለው ጥያቄ ጎን "ማን ይከፍላል፣ ከፋዩስ ምን ይጠይቃል?" የሚለውን አስቀመጥኩ።

ዘመናዊው ዳንስ፦ ጫማ የወለቀበት ቀን

ኢሳዶራ ደንካን በ1877 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች። እናቷ ከባሏ ተፋትታ ሙዚቃ እያስተማረች አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ኢሳዶራ የባሌትን ጫማና ወገብ የሚያጠብቀውን ኮርሴት ጥላ፣ በባዶ እግሯ፣ በላላ ቀሚስ ደነሰች። ለእሷ የእንቅስቃሴ ምንጩ ደረት ውስጥ ያለው ስሜት ነበር። በ1904 በርሊን አጠገብ ልጆችን በነፃ የሚያሳድግና የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1921 ሌላ በሞስኮ። የበርሊኑ ትምህርት ቤት ግን የቆመው በእሷ ገቢና በባለጸጎች ችሮታ ላይ ስለነበር ገንዘቡ ሲነጥፍ ተዘጋ። ከደንብ ነፃ መውጣት ከኪራይ ነፃ አያወጣም።

ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶች ስሜቱን ወደ ሥልጠና ለወጡት። ማርታ ግራም በ1926 በኒው ዮርክ የራሷን ቡድን ይዛ ተነሣች። እስከ 1938 ድረስ የቡድኗ አባላት በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ልብሱንም ራሷ ትሰፋ ነበር። የሥልጠናዋ መሠረት መኮማተርና መለቀቅ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ሆድና ዳሌ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ትንፋሽ ሲገባ ይለቀቃሉ፤ ትምህርቱም የሚጀምረው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ዶሪስ ሃምፍሪ ደግሞ መውደቅንና መነሣትን መሠረት አደረገች፤ ሰውነት ሚዛኑን ሲያጣና መልሶ ሲያገኝ ያለውን ቅጽበት። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማርጋሬት ኤችዳብለር፣ ራሷ ዳንሰኛ ያልነበረች የስፖርት መምህርት፣ በ1926 በአሜሪካ የመጀመሪያውን በዳንስ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት አስጀመረች። ዓላማዋ ኮከብ ማውጣት ሳይሆን ተማሪዋ የራሷን አካል እንድታውቅ ነበር።

እዚህም ቢሆን ሁሉ ነገር ንጹሕ አልነበረም። በጀርመን ዘመናዊውን ዳንስ ካሳደጉት ቀዳሚዋ ሜሪ ቪግማን በ1936 ለበርሊን ኦሎምፒክ መክፈቻ በናዚ መንግሥት ሥር ሥራዋን አቀረበች። ማርታ ግራምም ለዚያው ኦሎምፒክ ተጋብዛ ነበር፤ ግን አልሄድም አለች። አንድ ዓይነት ዳንስ፣ ሁለት ውሳኔ። ባዶ እግር ብቻውን ሰውን ነፃ አያደርግም።

የ10 ሳንቲሙ ትምህርት ቤት

ካነበብኩት ሁሉ እኛን ይመስለናል ያልኩት ይህ ነው። በ1932 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ሳለች፣ በኒው ዮርክ በቪግማን ስም በተከፈተው ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች ተሰባስበው "ኒው ዳንስ ግሩፕ" የተባለ ቡድን መሠረቱ። 10 ሳንቲም ለከፈለ ሁሉ፣ ለሠራተኛውም ለሥራ ፈላጊውም፣ ትምህርቱ በሦስት ይከፈል ነበር። አንድ ሰዓት የአካል ሥልጠና፣ አንድ ሰዓት በአንድ የኑሮ ጉዳይ ላይ ራስን ችሎ እንቅስቃሴ መፍጠር፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ውይይት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው የሠሩት።

በ1941 በዚህ ቡድን ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘችው ፐርል ፕራይመስ ናት። በትሪኒዳድ የተወለደች ጥቁር ሴት ነበረች። በባዮሎጂ ዲግሪ ቢኖራትም በቆዳዋ ቀለም የተነሣ በላቦራቶሪ የሚቀጥራት አጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ የራሷን ሥራ ለመድረክ አበቃች፤ በ1944 ወደ ደቡብ ወርዳ ከጥጥ ለቃሚዎች ጋር ኑሯቸውን ኖረች፤ በ1948 ደግሞ ወደ አፍሪካ ተጉዛ የአባቶቿን ዳንስ አጠናች።

በዚያው ዘመን ባሌት ለጥቁር ልጆች በሩን ገርበብ እንኳን ያደረገው በጭንቅ ነበር። ጃኔት ኮሊንስ ወጣት ሳለች አንድ ታዋቂ ቡድን ፊቷን ነጭ ከተቀባች እንደሚቀበላት ሲነግራት እምቢ ብላ ወጣች። በ1951 ግን ፊቷን ሳትቀባ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ የመጀመሪያዋ ጥቁር መሪ ባሌሪና ሆነች። አርተር ሚቸል በ1969 በኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ በአንድ ጋራዥ ልጆችን ባሌት ማስተማር ጀመረ፤ ይህ ነው ዛሬ ዝነኛ የሆነው የሃርለም ዳንስ ቲያትር። የእሱ ዳንሰኞች ከ1970ዎቹ ጀምረው የእግር ሹራባቸውንና ጫማቸውን በቆዳቸው ቀለም ይነክሩት ነበር። ለጥቁር ዳንሰኞች የተዘጋጀ ቡናማ የጣት ጫፍ ጫማ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ጫማ ሠሪ ለገበያ ያወጣው በ2018 ነው። ሰፊ እንደመሆኔ ይህ ቁጥር ደነቀኝ። ጨርቁን መንከር የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ መወሰን ግን ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

ሁለቱን ሥልጠናዎች ጎን ለጎን ስናያቸው

በባሌት ክፍል ልጅቷ መጀመሪያ ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ዘንግ ይዛ ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ መሃል ትወጣለች፤ መጨረሻ ላይ ትዘላለች። እግሯ ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ጀርባዋ ቀጥ ይላል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ነው። የምትማረው ከእሷ በፊት የተደነገገውን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ደረጃው ይታወቃል፤ የትም አገር ብትሄድ ትምህርቷን ካቆመችበት ትቀጥላለች። የሩሲያዋ አግሪፒና ቫጋኖቫ በ1934 ያሳተመችው የማስተማሪያ መጽሐፍ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ሥልጠናው አንድ ዓይነት አካል ይመርጣል፤ ያልተመረጠችው ልጅ በሰባት ዓመቷ ፍርድ ተቀብላ ትመለሳለች።

በዘመናዊው ክፍል ልጅቷ ባዶ እግሯን መሬት ላይ ትጀምራለች። ክብደቷን አትደብቅም፤ ትጠቀምበታለች። ከእንቅስቃሴው ልምምድ ጋር የራሷን አጭር ዳንስ እንድትሠራ ትጠየቃለች። ጥቅሙ ልዩ ልዩ አካል ይቀበላል፤ ጫማም አይጠይቅም። ጉዳቱ ነገሩ በመምህሩ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። መምህሩ ደካማ ከሆነ "እንደተሰማችሁ ተንቀሳቀሱ" ብሎ ሰዓት ሊያሳልፍ ይችላል። ደግሞም ቀላል ነው የሚለው ስሕተት ነው፤ የግራምን ሥልጠና በሚገባ ለመያዝ ዓመታት ይፈጃል።

ዛሬ ያሉት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን አይለያዩም። በ1969 በአልቪን ኤይሊ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ባሌትንም፣ የግራምንም፣ የካትሪን ደንሃምንም ሥልጠና ያስተምራል። ደንሃም በ1935 እና በ1936 በካሪቢያን ደሴቶች የሕዝቡን ዳንስ ያጠናች የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነበረች። ከዚያ ያመጣችውን ከባሌትና ከዘመናዊው ጋር አዋሕዳ የራሷን ሥልጠና ፈጠረች።

ይህ ወደ ታላቅ እህታችን ጥያቄ ይመልሰኛል፤ "እስክስታ ምን ጎደለው?" ምንም አልጎደለውም። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተ እስራኤላውያን ተማሪዎች ጋር "እስክስታ" የተባለ የዳንስ ቡድን መሥርታ የትከሻን ቋንቋ ለዘመናዊ መድረክ አብቅታዋለች። እዚሁ አዲስ አበባ ደግሞ በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ጎዳና ላይ ይኖሩ የነበሩ ልጆችን ይዞ አንድ ትልቅ ትርዒት አቀረበ። ከዚያ "አዱኛ" የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ወጣቶቹ ዘመናዊውንና የአገራቸውን ዳንስ ለዓመታት ተምረው መልሰው ሌሎችን አስተማሩ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል በ2004 ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ለዓለም አቀፍ የሥልጠና ዕድል ተመርጧል። ስለዚህ "ዘመናዊ ዳንስ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ አያድግም" የሚለው ክርክር ከተመለሰ ቆይቷል።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፣ በዘመናዊው እንጀምር፤ ግን ከየሰዓቱ ሩብ ያህሉ የባሌት መሠረት ይሁን፣ ሩብ ያህሉም እስክስታና የየብሔረሰቡ ውዝዋዜ። ይህንን የሚያስተምሩ እናቶች ከመካከላችን አሉ፤ ክፍያም ይገባቸዋል።

ሁለተኛ፣ የአዳራሻችን ወለል ሲሚንቶ ነው። በሲሚንቶ ላይ መዝለል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ከስጦታው መጀመሪያ የሚወጣው ለእንጨት ወለል ይሁን፣ ከልብስና ከመስታወት በፊት። በጣት ጫፍ መቆም ደግሞ ዓመታት ዝግጅትና የጠነከረ አጥንት ይፈልጋል፤ በእኛ አዳራሽ አይሞከር።

ሦስተኛ፣ ማንኛዋም ልጅ በእግሯ፣ በቁመቷ ወይም በክብደቷ አትመለስ።

አራተኛ፣ ይህ ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምለው ነው። ሪፖርት፣ ደረሰኝና የዓመት መጨረሻ ትርዒት ይደርሳችኋል። የልጆቹ ፎቶግራፍ ግን ያለ እናታቸው ፈቃድ አይወጣም፤ ወደ ልምምድ ክፍልም ከመምህሯና ከተረኛዋ እናት በቀር ማንም አይገባም። ይህንን የምንጠይቀው ስለማናምናችሁ አይደለም። የፓሪስን ታሪክ ያነበበች እናት ይህንን ሳትጠይቅ ልጇን መላክ ስለማትችል ነው።

አምስተኛ፣ ምንም እንኳ ወጪው ቢሸፈንልንም እያንዳንዳችን በወር ትንሽ እናዋጣ። ስጦታው ለአንድ ዓመት ነው፤ የኢሳዶራ የበርሊን ትምህርት ቤት የተዘጋው ገንዘቡ ሲነጥፍ ነው።

"ባሌት ሥርዓት ያስይዛል" ያለችው እህታችን ይህንን ረቂቅ አንብባ "ሥርዓቱን ሩብ ሰዓት ብቻ ሰጠሽው" ብላኛለች። ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንከራከርበት። ልጄን ስጠይቃት ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እግሬን ያዩታል?" አለችኝ። መልሱን በሚቀጥለው ወር፣ እጃችንን አውጥተን፣ ሁላችንም ነን የምንሰጣት።